የአዲስ ጎጆ የመጀመሪያው ክረምት

ክረምት በአማርኛ ሰፊ ትርጉም ያለው ቃል ነው። በቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ከአራቱ የዓመት ክፍሎች አንዱ ሲሆን፣ ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን ያለውን ጊዜ ይይዛል። ከእርሱ ቀጥሎ መፀው፣ በጋና ፀደይ እየተከታተሉ ይመጣሉ። በግእዝ ደግሞ ክረምት ማለት የዝናብ ወራት ብቻ ሳይሆን ዓመት ማለትም ነው። በዚህ ምክንያት ተራርቀው የቆዩ ሰዎች ሲገናኙ «እንዴት ከረምህ? እንዴት ከረምሽ?» ይባባላሉ። የሚመጣውንም ዓመት «ከርሞ» ይሉታል። ዝናቡን ያለፈ ሰው ዓመቱን እንዳለፈ ይቆጠር ነበር ማለት ነው። አባባሉ ከየት እንደ መነጨ ለመረዳት የሚሻ ተማሪ ሐምሌንና ነሐሴን ከአንድ ደገኛ ገበሬ ቤት ገብቶ ቢመለከት ይበቃዋል።

ከውጭ ቋንቋ በተተረጎሙ መጻሕፍት ውስጥ ክረምት የሚለው ቃል በረዶ መሬቱን የሚሸፍንበትን ወራት ለማመልከት ይገባል። ይሁን እንጂ የእኛ ክረምትና የአውሮፓ ክረምት በመንሥኤም ሆነ በጠባይ አይገናኙም። በዚያ አገር ብርዱን የሚያመጣው ቀኑ ማጠሩና የፀሐይ ጨረር አግድም መውረዱ ነው። በእኛ አገር ግን ከሰኔ ጀምሮ ዝቅተኛ የአየር ግፊት ያለበት ቀበቶ ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ይጓዛል። እርጥበት ያዘለው ነፋስ ከደቡብና ከደቡብ ምዕራብ እየነፈሰ ወደ ደጋው ሲወጣ ይቀዘቅዝና ዝናብ ሆኖ ይወርዳል። ሰማዩ ቀኑን ሙሉ በደመና ስለሚሸፈን ምድሩ አይሞቅም፤ ልብሱ አይደርቅም፤ ሰውም ይበርደዋል። ሆኖም ሌሊቱ እጅግ የሚቀዘቅዘው በክረምት ሳይሆን፣ ሰማዩ ጠርቶ ውርጭ በሚወርድበት በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። የክረምት ደመና ሌሊት እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ሙቀቱን ከምድር እንዳይሸሽ ይይዘዋል። የክረምትን ብርድ የሚያከፋው እርጥበቱ ነው።

ለዚህ ጽሑፍ ምሳሌ ይሆነን ዘንድ የመረጥነው አገር በሰሜን ሸዋ የሚገኘው መንዝ ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከደብረ ብርሃን አልፎ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ፣ ዛፍ በሌለበት ሰፊ አምባ ላይ ይደርሳል። አብዛኛው ክፍል ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ ወይም ከዚያ የሚበልጥ ከፍታ አለው። ገብስ፣ ባቄላ፣ ምስርና ስንዴ ይበቅልበታል። በጎቹ ቁመታቸው አጭር፣ ጠጉራቸው ረጅም ነው። ሕዝቡ በርኖስና ባና በመልበስ የታወቀ ሲሆን፣ ይህ ልብስ ለመንዝ ሰው ጌጥ ብቻ ሳይሆን ከብርድ መዳኛው ነው።

በደጋው አገር ሠርግ በአብዛኛው የሚደገሰው ከጥምቀት በኋላ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ባሉት ሳምንታት ነው። አዝመራው ከአውድማ ገብቶ ጎተራው የሚሞላው፣ መንገዱም ደረቅ የሚሆነው በዚህ ጊዜ ስለሆነ ነው። እንግዲህ በጥር የተጋቡ ወጣቶች የመጀመሪያውን ክረምታቸውን የሚቀበሉት ጎጆ ከወጡ ገና አምስት ወይም ስድስት ወር ሳይሞላቸው ነው። የሠርጉ ሆታ ተረስቷል። ዘመዶች የሰጡት የጎጆ መውጫ እህል ተጋምሷል። የእናት ቤት ሩቅ ነው፤ በመካከሉም ወንዝ አለ። አንድ ቤት ቤት ለመሆን የሚፈተነው በዚህ ወቅት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ስለ ወጣቶች ጋብቻ ስንናገር ዕድሜያቸውን ማንሣት ይገባል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለወንድ 18 ዓመት፣ ለሴት ግን 15 ዓመት ወስኖ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን ልዩነት አስወግዶ ለሁለቱም 18 ዓመት አድርጎታል። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግም ይኸንኑ ዕድሜ ይዟል። ስለዚህ እዚህ ላይ የምንገልጻቸው ባልና ሚስት ዕድሜያቸው የደረሰ፣ ወደውና ፈቅደው የተጋቡ ናቸው። በሕፃንነቷ የተዳረች ልጅ ክረምት ከዚህ የተለየና የከፋ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

ክረምቱ ከመግባቱ በፊት የሚጀመረው ሥራ የጣራው ሥራ ነው። የመንዝ ቤት ግድግዳው ድንጋይ ነው፤ ጣራው ቀድሞ በሣር ይከደን ነበር፤ ዛሬ ግን በብዙ ቤት ላይ ቆርቆሮ ይታያል። ለክዳን ከሁሉ የሚመረጠው ሣር ጓሳ ይባላል። ይህ ሣር የሚበቅልበት ከፍተኛ ሥፍራ ራሱ ጓሳ ተብሎ ይጠራል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ የሚኖሩበት፣ ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ በጋራ ሲጠብቀው የኖረ ቦታ ነው። በቀድሞው ሥርዓት ሣሩ ለዓመታት እንዳይታጨድና ከብት እንዳይገባበት ተከልክሎ ይቆይና፣ ሽማግሌዎች ሲፈቅዱ ብቻ ይታጨድ ነበር። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን በ1967 ዓ.ም. ከታወጀ በኋላ ይህ የጥበቃ ሥርዓት ፈርሶ ነበር፤ ዛሬ ግን ሥፍራው በማኅበረሰቡ ጥበቃ ሥር ይገኛል። በደንብ የተከደነ የጓሳ ጣራ ብዙ ዓመት ይቆያል። ከምድጃው የሚወጣው ጭስ ሣሩን ጥቀርሻ አልብሶ ከተባይና ከመበስበስ ይከላከልለታል። ቆርቆሮ እሳት አይፈራም፤ በየጊዜውም አይታደስም፤ ነገር ግን ሌሊት እንደ ሣር ሙቀት አይይዝም፤ በረዶ ሲወርድበትም ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው መነጋገር ያቅታቸዋል። አዲስ ተጋቢዎቹ ጣራቸውን በግንቦት ካላደሱ በሐምሌ ሌሊት እየተነሡ፣ ውሃ የሚንጠባጠብበትን ቦታ እየፈለጉ ገንቦና ድስት ሲደረድሩ ያድራሉ።

ሁለተኛው ቅድመ ዝግጅት ማገዶ ነው። በመንዝ እንጨት ጥቂት ስለሆነ የሚነደው በአብዛኛው ኩበት ነው። በበጋ ሚስቲቱ እበቱን በእጇ እየጠፈጠፈች ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፤ ሲደርቅም ትከምረውና ክምሩን ዝናብ እንዳያገኘው በሣር ወይም በላስቲክ ትሸፍነዋለች። የአንዲት ሙሽራ ጉብዝና በጎረቤት የሚለካው በኩበት ክምሯ ነው ሲባል ቀልድ ይመስላል፤ ነገር ግን በነሐሴ አጋማሽ እሳት የሌለው ቤት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው አይስቅም። ይሁን እንጂ ከዚህ ጀርባ አንድ ከባድ ችግር አለ። እበቱ ተቃጥሎ አመድ ሲሆን መሬቱ ፍግ ያጣል። ፍግ ያጣ መሬት ምርቱ ይቀንሳል፤ ምርቱ የቀነሰ ገበሬም ሰው ሠራሽ ማዳበሪያ ለመግዛት ይገደዳል። ማዳበሪያው ደግሞ የሚገዛው በሰኔና በሐምሌ፣ በቤት ውስጥ ገንዘብ ጨርሶ በሚጠፋበት ወራት ነው። ወጣቶቹ ባልና ሚስት ሙቀትንና ምርትን በአንድ ሚዛን ላይ አስቀምጠው ይመርጣሉ ማለት ነው። በቤቱ ዙሪያ ጥቂት ባሕር ዛፍ የተከሉ ይህን ምርጫ ያቃልላሉ፤ ባሕር ዛፉም የራሱ ጠንቅ አለው፤ በአጠገቡ ያለውን ሰብል ውሃ ይሻማል።

ወደ ዕለት ኑሯቸው እንግባ። ሌሊቱ ሳይነጋ የምትነሣው ሚስቲቱ ናት። ማታ በአመድ የተዳፈነውን ፍም ገልጣ፣ ደረቅ ኩበት ፈርፍራ ታያይዛለች። ቤቱ ወዲያው በጭስ ይሞላል። ቀድሞ ቢሆን ኖሮ ቀጥሎ የሚሰማው የወፍጮ ድምፅ ነበር። ሴቲቱ በጉልበቷ ተንበርክካ መጁን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየገፋች፣ ለአንድ ቀን የሚበቃ ዱቄት ለማግኘት ረጅም ሰዓት ታጠፋ ነበር። ዛሬ የሞተርና የኤሌክትሪክ ወፍጮ በየገበያው ስላለ ይህ ድካም በብዙ ቦታ ቀርቷል። በክረምት ግን ወደ ወፍጮ ቤት የሚወስደው መንገድ ጭቃ ነው፤ አህያው ያንሸራትተዋል፤ ወንዙም ይሞላል። በዚህ ምክንያት አስተዋይ ባለትዳሮች ከሰኔ በፊት ሦስትና አራት ሳምንት የሚያቆይ ዱቄት፣ በሶና ሽሮ አስፈጭተው ያስቀምጣሉ። ከዚያ በላይ ማቆየት አይቻልም፤ እርጥበቱ ዱቄቱን ያሻግተዋል። ያላዘጋጁት ግን የድንጋዩን ወፍጮ ከማእዘን አውጥተው አቧራውን ይጠርጉለታል።

ባልየው በሬዎቹን ይዞ ይወጣል። አዲስ ጎጆ ወጪ ጥንድ በሬ ያለው ብዙ ጊዜ አይገኝም። አንድ በሬ ያለው ከሌላ አንድ በሬ ካለው ጋር ይቀናጃል፤ ተራ በተራም የሁለቱ ማሳ ይታረሳል። መሬቱም ጠባብ ነው። ከአባቱ ማሳ ተቆርሶ የተሰጠው ቁራሽ ካልበቃው የአቅመ ደካሞችን መሬት በእኩል ያርሳል፤ ማለትም ምርቱን ከባለ መሬቱ ጋር ለሁለት ይካፈላል። ገሳውን ደርቦ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ ዘሩ ከተዘራ በኋላ ውሃው ማሳውን ጠርጎ እንዳይወስደው የውሃ መውረጃ ቦይ ሲቆፍር ይውላል። ይህ ሥራ ቀላል ይመስላል። ሆኖም ቦዩ ተዳፋቱን ቀጥ ብሎ ከወረደ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ገደል ይሆናል፤ አግድም ከያዘ ደግሞ ውሃው ይጠራቀምና ገብሱን ያቢጫዋል። ልከኛውን ሰያፍ መስመር ማግኘት ከአባት የሚወረስ ዕውቀት ነው። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲበረታ ይመለሳል። «ሐምሌ ቢያባራ በጋ ይመስላል» የሚባለው ለጥቂት ሰዓት ብራ ሆኖ ገሳውን ቤት ጥሎ ለሚወጣ ሰው ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሊተኮርበት የሚገባው የጎተራው ጉዳይ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ያለፈው ዓመት እህል የሚያልቅበት፣ የዘንድሮው ገና ቅጠል የሆነበት ወራት ናቸው። ወጣቶቹ ባለትዳሮች ይህን ሂሳብ ከዚህ በፊት ሠርተው አያውቁም፤ በየወላጆቻቸው ቤት ጎተራውን ከፍቶ የሚሰፍርላቸው ሌላ ሰው ነበር። ለምሳሌ ያህል አንድ ዐዋቂ በቀን ግማሽ ኪሎ ያህል እህል ይበላል ብንል፣ ሁለት ሰዎች በቀን አንድ ኪሎ፣ በወር 30 ኪሎ ይፈጃሉ። ከሰኔ እስከ ኅዳር ላሉት ስድስት ወራት 180 ኪሎ፣ ማለትም ሁለት ኩንታል ሊሆን ጥቂት የቀረው ማለት ነው። በዚህ ላይ ዘር አለ። ለግማሽ ሄክታር የገብስ ማሳ 60 ኪሎ ያህል ዘር ያስፈልጋል። በረዶ ወርዶ ወይም ጎርፍ ገብቶ ማሳው ቢጠፋ መልሶ የሚዘራ መጠባበቂያም መኖር አለበት። ከዚያም እንግዳ አለ፤ ለማኅበር ጠላ አለ፤ የሞተ ሰው ቤት ይዞ የሚኬድ እንጀራ አለ። እነዚህን «ወጪ» ብሎ የሚጽፋቸው የለም፤ ነገር ግን ጎተራውን የሚያጎድሉት እነርሱ ናቸው።

ዘሩ በቤት ውስጥ በጭቃና በጭድ ከተሠራ ጎታ ገብቶ፣ አፉ በጭቃ ተመርጎ ለብቻው ይቀመጣል። በግንቦት መጨረሻና በሰኔ መጀመሪያ የምግቡ እህል ሲሳሳ ዓይን ወደዚያ ጎታ መሄዱ አይቀርም። ጎታውን ከፍተው የበሉ ከርሞ የሚበሉት የላቸውም። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ድርቅና ረሀብ በሰሜን ኢትዮጵያ በደረሰ ጊዜ ብዙ ቤተሰቦች መንደራቸውን ለቀው ለመሰደድ የተገደዱት እህሉን ብቻ ሳይሆን ዘሩንና በሬውንም በማጣታቸው ነበር። ይህን ታሪክ ያዩ አያቶች ለሙሽሮች ከሚሰጡት ምክር ሁሉ የመጀመሪያው የዘር ጎታ እንዳይነካ የሚለው ነው።

ጎተራው በማን እጅ ነው? በደጋው አማራ ልማድ በሰማንያ የተጋቡ ባልና ሚስት ከሁለቱም ወገን የሚመጣውን ሀብት ቆጥረው ይገናኛሉ። ጋብቻው ቢፈርስ አብረው ያፈሩት እኩል ይካፈላል። እህሉ ከአውድማ እስኪገባ ድረስ የባልየው ኃላፊነት ነው፤ ከገባ በኋላ ግን ሰፍራ የምታወጣው ሚስቲቱ ናት። በዚህ ረገድ የጓዳዋ አዛዥ እርሷ ናት። የሚከተለው ዓይነት ንግግር በሐምሌ ወር በብዙ አዲስ ጎጆ ውስጥ ይሰማል።

«እናቴ ለማኅበር ጠላ ሁለት ቁና ገብስ ላኩልኝ ብላለች።»

«አንዱን ቁና ዛሬ ውሰድላቸው። አንዱን ለመስቀል እናደርስላቸዋለን በላቸው።»

«ቅር ይላታል።»

«ለእኔ እናቴ ማለት ናቸው፤ ቅር እንዲላቸው አልሻም። ግን ና እየው፤ ጎተራው ወለሉ ሊታይ ነው።»

ተማሪዎች በዚህ ንግግር ውስጥ አንድ ነገር ማስተዋል አለባቸው። ልጁ እናቱን «ብላለች» ብሎ በቅርበት ይጠራታል። ሚስቲቱ ግን ስለ አማቷ ስትናገር «ውሰድላቸው»፣ «ናቸው» እያለች በአክብሮት አንጋገር ትጠቀማለች። በቀድሞው ዘመን ባሏንም «አንቱ» ማለት ይገባት ነበር። ስሙንም በአማቶቿ ፊት አታነሣም ነበር። የዛሬዎቹ ወጣቶች «አንተ» «አንቺ» ይባባላሉ፤ ለአማትና ለአማች የሚሰጠው አክብሮት ግን አልተለወጠም። ሚስቲቱ እምቢ አላለችም፤ ነገር ግን እሺም አላለችም። ባልየውን ጠርታ ጎተራውን ማሳየቷም ሂሳቡ የእርሷ ብቻ እንዳይሆን በማሰብ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ባልየው እንግዳ ይዞ ከመምጣቱ በፊት ይጠይቃል።

የምግቡ ዓይነትም ከወቅቱ ጋር ይለወጣል። በጥር እንጀራ በየማዕዱ ነበር። በሐምሌ ጠዋት በሶ ወይም ቆሎ፣ ማታ እንጀራ በሽሮ ይሆናል። ቀጥሎም ከጓሮ የሚቀጠፈው ጎመን እየበዛ፣ እህሉ እያነሰ ይሄዳል። በብዙ የደጋ አካባቢዎች በነሐሴ መጨረሻ የሚደርሰው ድንች ይህን ቀጭን ጊዜ ለመሻገር ከፍተኛ እርዳታ ያደርጋል። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ቀን ይፈታል። የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 ቀን እስከ 15 ቀን ይጾማል። ላሟ ሣር አግኝታ ወተት የምትሰጠው በዚህ ወራት ስለሆነ፣ በጾሙ የሚጠራቀመው ቅቤ ተሽጦ ጨው፣ በርበሬና ጋዝ ይገዛበታል። በነሐሴ 13 ቀን ቡሄ ሲሆን ጅራፍ የሚያጮኹ ልጆች ወደ በሩ ይመጣሉ። አዲሷ ባለ ትዳር ዱቄቱ ቢያንስም ለእነርሱ ሙልሙል መጋገሯን አትተውም። በሯን ዘግታ ብትውል መንደሩ ይህን ለዓመታት ያስታውስባታል።

ማታ ከራት በኋላ ያለው ሰዓት የፈትል ሰዓት ነው። የበጉ ጠጉር ተሸልቶ፣ ታጥቦና ተነድፎ ይቀመጥና በክረምት ምሽቶች ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ድሩንም ወንዶች ይሸምኑታል። አንድ ባና ለመሥራት የብዙ በጎች ጠጉርና የብዙ ምሽቶች ድካም ያስፈልጋል። ከጥሎሽ ጋር የመጣ ባና ከሌለ፣ አዲስ ተጋቢዎች የመጀመሪያውን ክረምት ከወላጅ ተውሰው በመጡት ያልፉና ለሁለተኛው የራሳቸውን ያደርሳሉ። በደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ከተቋቋመ ወዲህና ርካሽ ብርድ ልብስ ከውጭ መግባት ከጀመረ ወዲህ ይህ ሙያ እየቀነሰ መጥቷል። በእኛ አስተያየት ግን ከገበያ የተገዛው ስስ ብርድ ልብስ በመንዝ ሌሊት ፊት ባናን አይተካም። ምሽቱ ለባልና ሚስት ሌላም ጥቅም አለው። ቀን ቀን እርሱ ከማሳ፣ እርሷ ከጓዳ ስለማይወጡ በወጉ የሚነጋገሩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ብዙዎች በሽማግሌ ወይም በወላጅ አማካይነት የተጋቡ በመሆናቸው አንዱ የሌላውን ጠባይ የሚያውቀው ከምድጃው ዳር ነው። እርሷ ስትፈትል፣ እርሱ የተቆረጠ ጠፍር ሲጠግን፣ የበሬው ሕመም፣ የጎረቤት ጠብ፣ ለከርሞ ሊራባ የታሰበው በግ ይነሣል።

ምድጃው ግን ሙቀት ብቻ አይሰጥም። በተዘጋ ቤት ውስጥ የሚታመቀው የኩበት ጭስ ዓይንን ያቆስላል፤ ሳንባን ይጎዳል፤ ለሕፃናት የሳንባ ምች አንዱ መነሻ ነው። በክረምት ብርዱን ፈርተው በሩን ስለሚዘጉ ጉዳቱ ይብሳል። ከሁሉ በላይ የሚጎዳውም ከምድጃው የማትለየው ሚስት ናት። ምጣዱን ዙሪያውን ዘግቶ እሳቱን የሚቆጥብ «ምርጥ» የተባለ ምድጃ ማገዶውንም ጭሱንም ይቀንሳል። ከጣራው ሥር ትንሽ የጭስ መውጫ መተው ደግሞ ምንም ወጪ የለውም። ባልየው ግድግዳውን ሲሠራ አንዲት ድንጋይ ቢያጎድል ይበቃል። ይህን የሚያደርጉ ሰዎች ጥቂት መሆናቸው ያስገርማል።

ከዚህም ሌላ በክረምት ልብስ ታጥቦ ስለማይደርቅ ሰዎች አንዱን ልብስ ለሳምንታት ይለብሳሉ፤ በአንድ ባና ሥርም ተጠጋግተው ይተኛሉ። ቅማል የሚራባው በዚህ ጊዜ ነው። በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ ትኩሳት በአገራችን በክረምት ወራት የሚበዛበት ምክንያትም ይኸው ነው። ምንጩ በጎርፍ ስለሚደፈርስ ውሃው ሳይፈላ መጠጣት የለበትም። ውሃ መቅዳት እንደ ልማዱ የሴቲቱ ሥራ ነው። እንስራ አዝሎ በሚያንሸራትት ዳገት መውጣት ለማንም ከባድ ነው፤ ይልቁንም ነፍሰ ጡር ለሆነች ሴት።

በጥር የተጋቡ ብዙዎች በነሐሴ የመጀመሪያ ልጃቸውን በመጠባበቅ ላይ ይሆናሉ። በልማዱ ሴት የበኩር ልጇን የምትወልደው ከእናቷ ቤት ሄዳ ነው። መንገዱ በክረምት ከተዘጋ ግን ከእናቷም ከጤና ጣቢያም ተለያየች ማለት ነው። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከተጀመረ ወዲህ በየቀበሌው የተመደቡት ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ እርግዝናን ይከታተላሉ። የመውለጃዋ ወራት ከወንዝ ሙላት ጋር የሚገጥም ከሆነ አስቀድማ ወጥታ በጤና ጣቢያ አጠገብ በሚገኝ የእናቶች ማቆያ ቤት እንድትቀመጥ ይመክራሉ። ይህ ምክር በብዙ ቤት ክርክር ያስነሣል። አማት «እኛም እዚሁ ወልደናል» ይላሉ። ባልየው ቤቱን ማን ይጠብቃል፣ እንጀራውንስ ማን ይጋግራል ብሎ ያመነታል። ወንድ ምጣድ ፊት መቀመጥ ነውር ነው በሚባልበት መንደር ይህ ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ ነው። አንዳንዱ ወጣት ዘመድ ለምኖ ያስጋግራል። አንዳንዱ ደግሞ በሩን ዘግቶ ቂጣ መጋገር ይማራል፤ መጀመሪያ ያሳርረዋል፤ ከሳምንት በኋላ ግን ይበላለታል። ሚስቱን በቃሬዛ አሸክሞ በሞላ ወንዝ ዳር ቆሞ ከመጠበቅ ያረረ ቂጣ መብላት ይሻላል።

ጳጉሜን ካለፈ በኋላ ደመናው መሳሳት ይጀምራል። መስከረም 1 ቀን እንቁጣጣሽ ሲሆን አደይ አበባ በየመስኩ ይፈነዳል። ባልና ሚስቱም ለአማቶቻቸው «እንኳን አደረሳችሁ» ለማለት ጭቃው ገና ያልደረቀውን መንገድ ይጀምሩታል። ወንዙ በድንጋይ ላይ እየረገጡ የሚሻገሩት ይሆናል። መስቀል ካለፈ ወዲህ የባቄላው እሸት ይደርሳል። ሚስቲቱ የመጀመሪያውን እቅፍ ነቅላ ወደ ቤት ስታመጣ፣ ባልየው ለእናቱ ቃል የገቡላትን አንድ ቁና ገብስ ሰፍሮ ለመውሰድ ስልቻ ይፈልጋል።